ስለ «ማይንድሀንተር» ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይሄን ድራማ «እዩት» እያልኩ ሰው ማስቸገር ከጀመርኩ ቆየሁ። አይተው የጨረሱት ደግሞ ይደውሉልኛል። የሚጠይቁኝ ነገር ሁሌም ተመሳሳይ ስለሆነ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ታሪኩን የሚያጋልጥ መልስ ሲመጣ «ያላያችሁ ዝለሉ» እላለሁ።

ድራማው ስለ ምንድን ነው?

ታሪኩ በ1977 ይጀምራል። ሆልደን ፎርድ ወጣት የኤፍቢአይ ባልደረባ ነው። ሥራው ሰው ካገቱ ሰዎች ጋር መደራደር ነው። አንድ ድርድር በክፉ ያልቅበትና ቨርጂኒያ ውስጥ ኳንቲኮ ወዳለው ማሠልጠኛ ተመልሶ አስተማሪ ይሆናል። እዚያ ቢል ቴንች ከሚባል ነገር ከጠገበ፣ ሲጋራ ከአፉ ከማይነጥል ጎልማሳ ጋር ያጣምሩታል። ሁለቱ ከከተማ ከተማ እየዞሩ የአካባቢ ፖሊሶችን ያስተምራሉ።

ታዲያ ሆልደን መንገድ ላይ አንድ ሐሳብ ይመጣለታል። በአሰቃቂ ግድያ የተፈረደባቸው ሰዎች እስር ቤት ቁጭ ብለው የለ? ሄደን ለምን አንጠይቃቸውም? አለቃቸው ሐሳቡ ይቀፈዋል። በመጨረሻ ይሁን ብሎ ምድር ቤት ውስጥ ቢሮ ይሰጣቸዋል። ዌንዲ ካር የምትባል ምሁር ደግሞ ትቀላቀላቸውና ወሬውን ወደ ጥናት ትቀይረዋለች።

የመኪና ማሳደድ የለም። ተኩስም የለም ማለት ይቻላል። ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ ቴፕ መቅረጫ፣ የሲጋራ ጭስ። ወሬ ብቻ ነው። ግን እንዴት ያለ ወሬ!

ስንት ሲዝን አለው? የማን ሥራ ነው?

ሁለት ሲዝን። የመጀመሪያው ኦክቶበር 13 ቀን 2017 ወጣ፤ 10 ክፍል ነው። ሁለተኛው ኦገስት 16 ቀን 2019 ወጣ፤ 9 ክፍል። ኔትፍሊክስ ላይ ነው ያለው። የድራማው ፈጣሪ ጆ ፔንሆል ነው። መልኩን የሰጠው ግን ዴቪድ ፊንቸር ነው፤ ሰባቱን ክፍሎች ራሱ ዳይሬክት አድርጓቸዋል። ተዋናይቷ ቻርሊዝ ቴሮን ከፕሮዲውሰሮቹ አንዷ ናት። ሆልደንን ጆናታን ግሮፍ፣ ቢልን ሆልት ማካላኒ፣ ዌንዲን አና ቶርቭ ይጫወቷቸዋል።

እውነተኛ ታሪክ ነው?

ግማሽ በግማሽ።

ገዳዮቹ እውነተኛ ናቸው። ስማቸውም አልተቀየረም። ኤድመንድ ኬምፐር፣ ሪቻርድ ስፔክ፣ ጄሪ ብሩዶስ፣ ዴቪድ በርኮዊትዝ ሁሉም በሕይወት የነበሩ፣ ፍርድ ቤት ቀርበው የተፈረደባቸው ሰዎች ናቸው። መርማሪዎቹ ግን ከእውነተኛ ሰዎች ላይ ተቆርጠው የተሰፉ ገጸ ባሕሪያት ናቸው። ሆልደን የተቀዳው ከጆን ዳግላስ ነው። የድራማው መነሻም ዳግላስ ከማርክ ኦልሼከር ጋር በ1995 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ቢል ቴንች ከሮበርት ሬስለር፣ ዌንዲ ካር ደግሞ ከአን በርጀስ ይቀዳሉ።

ዳግላስና ሬስለር በእርግጥም ፖሊስ ለማስተማር በየከተማው ይዞሩ ነበር። ባረፉበት ከተማ አቅራቢያ እስር ቤት ካለ ጎራ ብለው እስረኛ ያነጋግራሉ። መጀመሪያ ላይ ይሄ ነው የሚባል ደንብ አልነበረውም። በኋላ ግን 36 ወንዶችን ያነጋገሩበት ጥናት ሆነ፤ ውጤቱም በ1988 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ።

በጣም የተለወጠችው አን በርጀስ ናት። እኔን ቅር የሚለኝም እዚህ ላይ ነው። እውነተኛዋ በርጀስ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ናት። ከአንዲት የሶሲዮሎጂ ባለሙያ ጋር ሆና ቦስተን ሆስፒታል ውስጥ የተደፈሩ ሴቶችን ስታነጋግር ነበር። በ1974 ጉዳቱ ምን እንደሚመስል ጽፈው አወጡ። ኤፍቢአይ የፈለጋት ለዚህ ነው። ማለትም ተበዳዮቹን በመስማት የሠለጠነች ሴት ናት በዳዮቹ እንዴት እንደሚደመጡ ያስተማረቻቸው። ድራማው ይሄን ሁሉ ትቶ ቀዝቀዝ ያለች የዩኒቨርሲቲ ሳይኮሎጂስት አደረጋት። አና ቶርቭ ግሩም አድርጋ ትጫወታታለች፤ የነርሷ ታሪክ ግን ከዚህ ይበልጥ ነበር።

የሆልደን የሴት ጓደኛና የቢል ቤት ውስጥ ያለው ችግር ግን ለድራማው የተፈጠሩ ናቸው።

ኬምፐር የእውነት እንደዚያ ጨዋ ነበር?

ይሄ ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ነው። ነገሩን ለማስረዳት እናቴን ማምጣት አለብኝ።

እናቴ እንግሊዝኛ አትሰማም። ሁለተኛውን ክፍል ሳይ ቡና እያፈላች ጎኔ ነበረች። ኬምፐር ገባ። ግዙፍ ሰውዬ ነው፤ መነጽር አድርጓል፣ ድምፁ ለስላሳ ነው። ሆልደንን የእንቁላል ሳንድዊች ትበላለህ ብሎ ይጠይቀዋል። ፈገግ ይላል፣ ተራውን ጠብቆ ይናገራል። እናቴ ረከቦቱን እያስተካከለች «ይሄኛው ልጅ እንኳ አስተዳደግ አለው» አለች። ምን እንዳደረገ ስነግራት ሲኒውን አስቀምጣ አማተበች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «እኔስ አሁን ቤቴ ቢመጣ አስገባው ነበር» አለች። ድራማው ሊለን የፈለገውን እሷ ሳትሰማው ገብቷት ነበር።

እውነተኛው ኬምፐር ቁመቱ 2 ሜትር ከ6 ሳንቲም ነው። በ15 ዓመቱ አያቶቹን ገደለ። ከአእምሮ ሕሙማን ተቋም ከወጣ በኋላ በ1972 እና 1973 ካሊፎርኒያ ሳንታ ክሩዝ አካባቢ ስድስት ወጣት ሴቶችን፣ ከዚያ የገዛ እናቱንና የእናቱን ጓደኛ ገደለ። በጠቅላላው 10 ሰው ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ፖሊሶች የሚዝናኑበት ቡና ቤት እየሄደ አብሯቸው ይጠጣ ነበር። ይወዱታል። በመጨረሻ ራሱ ከኮሎራዶ ደውሎ «እኔ ነኝ» ሲላቸው መጀመሪያ ያመነው አልነበረም።

እስር ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ ለዓይነ ስውራን መጻሕፍት በድምፅ ሲያነብ ኖሯል። በብዙ ሰዓት የሚቆጠር። እኔ ይሄን ሳውቅ ምን ማሰብ እንዳለብኝ አላወቅኩም፤ እስካሁንም አላውቅም።

ካሜሮን ብሪተን የሚባለው ተዋናይ በዚህ ሚና ለኤሚ ሽልማት ታጭቶ ነበር። የኬምፐርን እውነተኛ ቃለ መጠይቅ ፈልጋችሁ ጎን ለጎን ብታዩት ትገረማላችሁ።

የመጀመሪያው ሲዝን መጨረሻ ላይ ያለው የሆስፒታል ትዕይንት የእውነት ሆኗል? (ያላያችሁ ዝለሉ)

ሆልደን ሆስፒታል የተኛውን ኬምፐርን ሊጠይቅ ሄዶ ከሱ ጋር ብቻውን የሚቀርበትን ማለታችሁ ነው። እንደዚያ ሆኖ አይደለም። ግን ከአየር ላይ የተወሰደም አይደለም። በእውነቱ ታሪክ ከኬምፐር ጋር ብቻውን የተዘጋበት ሬስለር ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ሊያነጋግረው ሄዶ ጨረሰና ጠባቂውን ለመጥራት ደወሉን ተጫነ። ማንም አልመጣም። ደግሞ ተጫነ። የጠባቂዎች ፈረቃ እየተቀየረ፣ እስረኞች ምግብ እየታደላቸው ነበር። ኬምፐር ሁኔታው ገባውና አሁን አንገትህን ብቆርጠው ማን ይደርስልሃል የሚል ነገር ጣል አደረገበት። ሬስለር ጠባቂው እስኪመጣ ድረስ በወሬ ያዘው። ሲወጣ ኬምፐር ቀልዴን እኮ ነው አለው። ከዚያ ወዲህ ብቻውን መግባት ቀረ።

ሆልደን በመጨረሻ መሬት ላይ የሚወድቀው ደግሞ ከዳግላስ ሕይወት የተወሰደ ይመስለኛል። ዳግላስ በ1983 መጨረሻ ሲያትል ለሥራ ሄዶ ሆቴል ክፍሉ ውስጥ ራሱን ስቶ ተገኘ። የአንጎል ኢንፌክሽን ነበር፤ ለሞት ደርሶ ተረፈ።

ፕሮፋይሊንግ ማለት ምን ማለት ነው?

ባጭሩ፣ ድርጊቱን አይቶ አድራጊውን መሳል ነው። አስከሬኑ የት ተገኘ? ተሸፍኗል ወይስ ተጥሏል? መሣሪያውን ይዞ መጣ ወይስ እዚያው ያገኘውን አነሳ? ከዚያ ተነስቶ ዕድሜው ይሄን ያህል ይሆናል፣ መኪና አለው፣ ብቻውን ነው የሚኖረው ይባላል።

ኤፍቢአይ የባሕርይ ሳይንስ ክፍሉን ያቋቋመው በ1972 ነው። መጀመሪያ የሚያስተምሩት ሃዋርድ ቴተንና ፓትሪክ መላኒ ነበሩ። የእነዳግላስ ቡድን ያመጣው ታዋቂው ክፍፍል ሁለት ነው፦ አቅዶና ተዘጋጅቶ የሚገድልና ሳያቅድ፣ በዘፈቀደ የሚገድል። በድራማው ላይ እነዚህን ቃላት ሲፈጥሩ ታያላችሁ። «ሲሪያል ኪለር» የሚለውን አጠራር በማስፋፋት ስሙ የሚነሳውም ሬስለር ነው። በእኛ «ተከታታይ ገዳይ» ይባላል፤ እኔ ግን ሁሌ ከተከታታይ ድራማ ጋር ይምታታብኛል።

ይሠራል ወይ? ወይስ የጥንቆላ ወንድም ነው?

የምወደው ጥያቄ ይሄ ነው። ድሮ እኛ ጋ ሌባ ሻይ ነበር። አንድ ብላቴና መድኃኒት ይጠጣና እየተንገዳገደ ይለቀቃል። ሰዎች ከኋላው ይከተሉታል። ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት «ሌባው አንተ ነህ» ይባላል። ፕሮፋይሊንግ ይሄ አይደለም። ግን ተመልካች ሲያየው እንደ ሌባ ሻይ ነው የሚያየው። ሰውዬው ፎቶ ያያል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ስም ይወጣል።

በተግባር ስም አይወጣም። የታወቀውን የድሮ ምሳሌ ላንሳ። ጆርጅ ሜተስኪ የሚባል ሰው ከ1940 ጀምሮ ለ16 ዓመት ኒውዮርክ ውስጥ ቦምብ ሲያስቀምጥ ኖረ። ፖሊስ ሲቸግረው ጄምስ ብሩሰል የሚባል የአእምሮ ሐኪም አማከረ። ሐኪሙ «ስትይዙት ደርብ ኮት ለብሶ፣ ቁልፉን ቆልፎ ታገኙታላችሁ» አለ ተብሎ እስከ ዛሬ ይወራል። በጥር 1957 ማታ ሲይዙት ፒጃማ ነበር የለበሰው። «ልበስ» አሉት። ደርብ ኮት ለብሶ፣ ቆልፎ ወጣ።

ታሪኩ ሲነገር እዚህ ላይ ይቆማል፤ ሰው ያጨበጭባል። ሜተስኪን ያገኘችው ግን ድሮ ይሠራበት የነበረው የኤሌክትሪክ ኩባንያ ጸሐፊ ናት። ቦምበኛው ለጋዜጣ የሚጽፋቸው ደብዳቤዎች ላይ የሚደጋግማቸውን ቃላት ያረጁ የሠራተኛ ፋይሎች ውስጥ ስትፈልግ አገኘቻቸው። ቁጭ ብላ፣ ወረቀት ገልጣ።

የእነዳግላስ ክፍፍልም ቢሆን ያለ ጥያቄ አላለፈም። በ2004 የብሪታንያው ዴቪድ ካንተርና ባልደረቦቹ 100 ገዳዮች የፈጸሟቸውን 100 ግድያዎች ፈትሸው ሁለት የተለያዩ ዓይነቶች አላገኙም። ባሕርዮቹ ተደባልቀው ነው የሚገኙት። እስር ቤት የሚደረግ ወሬም ችግር አለው፤ ኬምፐር አንደበተ ርቱዕ ውሸታም ሊሆን ይችላል። ደግሞ የተያዘን ገዳይ ነው ማነጋገር የሚቻለው፤ ያልተያዘው ምን ይመስላል?

ታዲያ ከንቱ ነው ወይ? አይደለም። የተጠርጣሪ ብዛት ሲያደናግር ከማን እንጀምር ለማለት፣ ተጠርጣሪን እንዴት እናናግረው ለማለት ይጠቅማል። በድራማው ውስጥ ሆልደን የሴት ጫማ አባዜ ያለበትን ገዳይ ብሩዶስን ለማናገር ባለተረከዝ የሴት ጫማ ይዞ የሚገባበት ትዕይንት አለ። ሰውዬው ጫማውን ሲያይ ፊቱ ይለወጣል። እዚያች ላይ ነው ጥበቡ። ወረቀቱ ላይ አይደለም።

ሁለተኛው ሲዝን ላይ ያለው የአትላንታ ጉዳይስ? (ያላያችሁ ዝለሉ)

ይሄኛው ልብ ይሰብራል። ዛሬ ብዙ ሐበሻ በሚኖርባት አትላንታ ከ1979 እስከ 1981 ቢያንስ 28 ጥቁሮች ተገደሉ፤ አብዛኞቹ ልጆችና ታዳጊዎች። ከድሃ ሰፈር ናቸው። እናቶቻቸው ኮሚቴ አቋቁመው ባይጮኹ ኖሮ ጉዳዩ መቼ ትኩረት ያገኝ እንደነበር እንጃ። ብዙ ሰው የጠረጠረው ነጭ ዘረኞችን ነው። ዳግላስ ግን ገዳዩ ጥቁር ወጣት ነው አለ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በዚያ ሰፈር ነጭ ሰው ሳይታይ ልጅ ይዞ መሄድ አይችልም።

ድራማው እዚህ ላይ ጎበዝ ነው። ሆልደን ትክክል ቢሆንም ማንም አያመሰግነውም። ገዳዩ ሊያይ ይመጣል ብሎ እሱን ለማጥመድ፣ ለልጆቹ በሚደረገው ሰልፍ ላይ የመታሰቢያ መስቀል እንትከል ይላል። ፈቃድ፣ ማህተም፣ አስተባባሪ፣ ደግሞ ሌላ ፈቃድ። ቢሮክራሲው የአራት ኪሎን ያስንቃል። ሰልፉ ሲጀመር ሆልደን መስቀል ተሸክሞ በላብ ተጠምቆ ይሮጣል። ሳቄም እንባዬም የመጣበት ቦታ ነው።

በእውነቱ ታሪክ አስከሬኖች ወንዝ ውስጥ መገኘት ስለጀመሩ ፖሊስ ድልድዮችን ሲጠብቅ ሰነበተ። ሜይ 22 ቀን 1981 ሊነጋጋ ሲል ውኃ ላይ የሆነ ነገር ሲወድቅ ተሰማ። ድልድዩ ላይ የነበረውን መኪና አስቆሙ። ዌይን ዊልያምስ፣ 22 ዓመቱ። ከሁለት ቀን በኋላ አስከሬን ተገኘ። ፍርድ ቤት ያሳመነው ከቤቱ ምንጣፍ የመጣ ክርና የውሻው ፀጉር ነው። በ1982 ጥፋተኛ ተባለ፤ ግን በሁለት አዋቂ ሰዎች ግድያ ብቻ። በልጆቹ ግድያ ማንም ፍርድ ቤት አልቀረበም። ፖሊስ አብዛኛውን ፋይል «እሱ ነው» ብሎ ዘጋው። ዊልያምስ እስከ ዛሬ አልገደልኩም ይላል። በ2019 የከተማዋ ከንቲባ ማስረጃው እንደገና እንዲታይ አዘዘች።

እናቶቹ ያኔ የጠየቁት «ልጄን ማን ገደለው?» ብለው ነበር። ድራማው መልስ ሳይሰጣቸው ያልቃል። ይሄን ስላልሸፋፈነው አከብረዋለሁ።

ከቤተሰብ ጋር ይታያል?

አይታይም። ከ18 ዓመት በላይ ነው። የሚገርመው ግን ግድያ አያሳይም ማለት ይቻላል። የሚያስፈራው የሚነገረው ነው። የመጀመሪያው ክፍል መጀመሪያ ላይ ግን አንድ ድንገተኛና ደም ያለበት ትዕይንት አለ፤ ተዘጋጁ። የአልጋ ትዕይንቶችም አሉ። እንግዳ ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ሪሞት ፍለጋ ከመራወጥ ለብቻ ማየት ይሻላል።

ሁለት ክፍል አይቼ ደከመኝ። ልተወው?

ሁለተኛውን ጨርሰህ ከደከመህ ተወው፤ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት አይወድም። የመጀመሪያውን ብቻ አይተህ ከሆነ ግን ኬምፐርን ሳታይ አትሂድ።

ሲዝን 3 ለምን ቀረ?

ገንዘብ። በጥር 2020 ተዋናዮቹ ከውላቸው ተለቀቁ። ፊንቸር በ2023 እንዳለው ድራማው በጣም ውድ ነበር፤ በኔትፍሊክስ ዓይን ደግሞ ወጪውን የሚመጥን ተመልካች አልሳበም። ከዚያ በኋላ ሆልት ማካላኒ በፊልም መልክ ሊመለስ ይችላል ብሎ ተስፋ አጫረ። እኔ አሁን ከሚያጓጓኝ ወሬ ራሴን አርቄያለሁ።

ታዲያ ክፍሉ ሲጀምር የሚታየው ባለ ጢሙ ሰውዬ ማን ነው? ተያዘ ወይ?

ካንሳስ ውስጥ የቤት ደወልና የማንቂያ መሣሪያ የሚገጥመው ሰውዬ ማለታችሁ ነው። በድራማው ስሙ አይጠራም። ዴኒስ ሬደር ነው። ከ1974 እስከ 1991 10 ሰው ገድሏል። ሰው ከሌባ እንዲጠበቅ መሣሪያ የሚገጥም ገዳይ! በሁለተኛው ሲዝን ቢል ቴንች ከሬደር እጅ ያመለጠ አንድ ሰው መኪና ውስጥ ያነጋግራል። ሰውዬው ኋላ ወንበር ላይ ነው፤ «ወደ እኔ አትዙሩ» ብሎ ነው የሚናገረው። እኛም ፊቱን በደንብ አናየውም። ከ19ኙ ክፍሎች ለእኔ ይቺ ትበልጣለች።

ሬደር የተያዘው በፌብሯሪ 2005 ነው። ከዓመታት ዝምታ በኋላ ለፖሊስና ለሚዲያ እንደገና መጻፍ ጀምሮ ነበር። አንድ ቀን ፖሊሶቹን ጠየቃቸው፦ በፍሎፒ ዲስክ ብልክላችሁ እኔን ማግኘት ትችላላችሁ? እውነቱን ንገሩኝ አላቸው። በጋዜጣ ማስታወቂያ ችግር የለውም ብለው መለሱለት። አመናቸው። ለአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ዲስኩን ላከ። መርማሪዎቹ ኮምፒውተር ውስጥ ከተው የተሰረዘ ፋይል ፈለጉ። ሰነዱ የተሠራበት ኮምፒውተር የአንድ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ አሳየ። መጨረሻ ያስተካከለው ሰው ስም ደግሞ «ዴኒስ» ይላል። የቤተ ክርስቲያኑን ስም ኢንተርኔት ላይ ፈለጉት። የምእመናኑ ጉባኤ ሊቀ መንበር ዴኒስ ሬደር ነበር።